ትንፋሽ የሌለው አንባቢ፦ ስህተት መጠቆም የተማርኩበት ማስታወሻ

እሑድ፣ ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴን ጋሼ ነው የምላቸው። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ሦስት ዓመት አልፎታል። ባለፈው ወር አሮጌ ላፕቶፔን አጸዳድቼ ጽሑፍ የሚያነብ ነፃ ፕሮግራም ጫንኩላቸው። የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ደመወዝ የለ፣ ቢሮ የለ፤ ማታ ከመደበኛ ሥራቸው መልስ የሚነካኩት ነገር ነው። ስሙን አልጠራውም። የደረሰብኝ በየትኛውም ሊደርስ ይችላል።

ዛሬ የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ ከፈትኩላቸው። 14 ገጽ ነው። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ጥቅምት ላይ አዳዲስ አንቀጾች ጨምሬበት ስለነበር የእሳቸውን አስተያየት ፈልጌያለሁ። ጋሼ ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠግተው ሁለት ገጽ ያህል ሰሙ። ከዚያ እጃቸውን አነሡ።

«ይሄ ሰውዬ ትንፋሽ የለውም እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። ዓረፍተ ነገሩ ያልቃል፤ ድምፁ ግን ሳያርፍ ቀጣዩን ይይዛል። የታክሲ ረዳት ፌርማታ ሲጠራ እንደሚለው። «ወ/ሮ» የሚለውን ደግሞ «ወ ስላሽ ሮ» እያለ ነው የሚያነበው። ጋሼ «በየስሙ መሀል የሚገባው ስለሺ ማነው? አባላችን ነው?» ብለው አሳቁኝ።

ማታ ለሠሪዎቹ ጻፍኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። በእንግሊዝኛ ነው የጻፍኩት፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል።

«ርዕስ፦ አማርኛ አይሠራም!!! ፕሮግራማችሁ አማርኛ ማንበብ አይችልም። ዝም ብሎ ይሮጣል። ስም ያበላሻል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አዲሱን ድምፅ ላወርድ ብል እምቢ አለኝ። ቁልፎቹም ትንንሽ ናቸው። የምትሠሩት ማየት ለማይችሉ ሰዎች ነው፣ እባካችሁ ቶሎ አስተካክሉ።»

ስክሪኑን በስልኬ ፎቶ አንስቼ አያያዝኩ። ጥግ ላይ የሻይ ብርጭቆዬ ይታያል። የችግሩን ክብደት ምረጡ ሲለኝ ከላይ ያለውን፣ «ክሪቲካል» የሚለውን ያዝኩ። ወገቤን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

መልስ መጣ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ሰውየው ግን ጨዋ ነው። አመስግኖ ጥያቄዎች ደረደረልኝ። የፕሮግራሙ ቁጥር ስንት ነው? ዊንዶውሱ የትኛው ነው? አምስት ጉዳይ በአንድ ጥቆማ ሊያዝ ስለማይችል ብትለያያቸው። ከፎቶው ይልቅ ጽሑፉን ራሱን ብትልክልን። መጨረሻ ላይ ደግሞ፦ 3 ሰዓት ላይ ሰርቨሩን (ድምፁ የሚወርድበትን ኮምፒውተር) አይተነዋል፣ ደህና ነበር።

የመጨረሻዋ ነች ያናደደችኝ። «ዋሽተሻል» ያለኝ መሰለኝ። ደግሞ ፎቶው ምን ጎደለው? ፎቶ እኮ ማስረጃ ነው።

ለጋሼ ነገርኳቸው። «በግ ሪፖርት አድርጌ እንዲህ አሉኝ» ስል ቀና አሉ። «የማን በግ ጠፋ?» ኮምፒውተር ላይ የሚገኝ ስህተትን ፈረንጆቹ እንደዚያ እንደሚጠሩት አስረዳሁ። ገና እየቀረበ ስለሆነ ስለ እውነተኛው በግ ዋጋ ትንሽ አወራን። ከዚያ የጻፍኩትን አንብቢልኝ አሉ። አነበብኩ።

«ይሄ ጥቆማ አይደለም» አሉ ጋሼ። «ስሞታ ነው።»

እሑድ፣ ኅዳር 8

ዛሬ የእድር ስብሰባ ነበር። ሒሳብ ሲነበብ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄደ፣ ወደ ነሐሴው ስልክ።

ነሐሴ ላይ አንድ አባል ከምሽቱ 4 ሰዓት ደወለልኝ። «ድንኳናችሁ ያፈሳል! ምን ዓይነት እድር ነው?» ብሎ ዘጋው። እድሩ ሦስት ድንኳን አለው። የትኛው? አልተናገረም። ቅዳሜ ጠዋት እኔና የንብረት ኃላፊው ሦስቱንም አውጥተን ተከልን። በጀሪካን ውኃ እያመላለስን አናታቸው ላይ አፈሰስን። አንዱም ጠብ አላለም። ግማሽ ቀን፣ ያውም የእረፍት ቀናችን። ኋላ ለቀስተኞቹን ስንጠይቅ ውኃው የገባው ሁለቱ ድንኳኖች በተገናኙበት ክፍተት ነው። ሸራው ጤነኛ ነው። ያ ሰው «በሁለቱ መሀል» የምትል ሁለት ቃል ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ሥራው የአምስት ደቂቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ድንኳኖቹ ላይ በቀለም 1፣ 2፣ 3 የጻፍንባቸው።

የበጎ ፈቃደኞቹ ሰውዬ «የፕሮግራሙ ቁጥር ስንት ነው» ያለኝ እኮ «የትኛው ድንኳን ነው» ማለቱ ነው። ሌላም ነገር ቆረቆረኝ። ያ አባል «ድንኳናችሁ» ነበር ያለው፣ ሸራው በእሱም መዋጮ የተገዛ ሆኖ ሳለ። እኔ ደግሞ አንድ ሳንቲም ሳላወጣ «ፕሮግራማችሁ» ብዬ ጀመርኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

የ3 ሰዓቱ ነገር ተፈታ። አፍሬያለሁ።

የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ለእነሱ 9 ሰዓት ነው። ያውም በአዲስ አበባ አቆጣጠር። ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘግቡት በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ መዝገቡ ላይ 6 ሰዓት ሆኖ ነው የሚገኘው። ሰውየው በታማኝነት በእነሱ አቆጣጠር ሌሊት 3 ሰዓት ላይ ያለውን መዝገብ ገልብጧል። እኔ በዚያን ሰዓት ተኝቻለሁ። ይቅርታ ጠይቄ ትክክለኛውን ሰዓት ከነቀኑ ላክሁ፣ ቀኑን በእነሱ አቆጣጠር አድርጌ። 2017 ብዬ ብተወው ኖሮ የሰባት ዓመት አሮጌ ነገር የማወራ ይመስለው ነበር።

በአንድ ሰዓት ውስጥ መለሰልኝ። በዚያ ቀን 6 ሰዓት ላይ እውነትም ለ20 ደቂቃ ተቋርጦ ነበር። ያኛው ጉዳይ ተዘጋ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ጭስ በጭስ ነው፤ መስኮት ዘግቼ ተቀመጥኩ።

አዲስ ጥቆማ ከመክፈቴ በፊት ሌላ ሰው ጽፎት እንደሆነ ፈለግኩ። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ ይህንን ነው። «አማርኛ» ብዬ ስፈልግ ምንም የለም። «ትግርኛ» ስል አንድ አገኘሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የተከፈተ፣ ድምፁ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ አያርፍም የሚል። ፊደሉ አንድ ስለሆነ በሽታውም አንድ ነው ማለት ነው።

ከሥሩ ያሉት አስተያየቶች ግን ያሳዝናሉ። «እኔም።» «እኔም ጋ።» «ምን ደረሰ?» «ሁለት ዓመት ሙሉ!» እያንዳንዷ «እኔም» ጉዳዩን ለሚከታተል ሰው ሁሉ ኢሜይል ሆና ትደርሳለች። ሰውየው እራት ላይ ሆኖ ስልኩ ጮኸ፣ መፍትሔ የመጣ መስሎት ሲከፍት «እኔም» ይላል። ለዚህ ነው አውራ ጣት የምታሳየው ምልክት የተሠራችው። እሷን ተጭኖ ማለፍ ነው።

ከሁሉ መሀል አንድ አስተያየት ብቻ ሥጋ አለው። አንድ ሰው «የእኔ ጽሑፍ ላይ በደንብ ያርፋል፣ የጓደኛዬ ላይ ግን አያርፍም፣ ኮምፒውተሩ ያው አንድ ነው» ይላል። ማንም አልመለሰለትም። እኔ ግን ደጋግሜ አነበብኩት። የእኛ ደንብ ላይም እኮ፣ ልብ ብዬ ስሰማ፣ መጨረሻ ገጾቹ ላይ ያርፋል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ዛሬ ሙሉ ቀን የፈጀሁበት ነው። እየመላለስኩ የምነግረውም ይሄንን ነው።

14ቱን ገጽ ሁለት ቦታ ከፈልኩ። የመጀመሪያው ሰባት ገጽ ይሮጣል፣ ሁለተኛው ያርፋል። የሚሮጠውን እንደገና ለሁለት። እንደገና ለሁለት። እንዲህ እያልኩ አንዲት የምትሮጥ ዓረፍተ ነገር ቀረች፤ ከጎኗ አንዲት የምታርፍ አስቀመጥኩ። ሁለቱንም አፍጥጬ አየኋቸው። አንድ ናቸው። ቃሉ ቃል ነው፣ አራት ነጥቡ አራት ነጥብ ነው። ፊደሉን አሳደግኩት፣ 72 አደረስኩት። ያው ነው። ጋሼ ከጎኔ ሆነው «ሽንኩርት ነው የምትከትፊው?» ይላሉ፤ ቁልፉን ስመታው ሰምተው ነው።

ከዚያ ቸኩዬ የሚሮጠውን አራት ነጥብ ልሰርዝ መሰረዣውን አንድ ጊዜ ነካሁ።

ግማሹ ብቻ ጠፋ።

ሁለት ነጥብ ቀረች። ቁጭ ብላ ታየኛለች። እንደገና ነካሁ፣ እሷም ሄደች። ወደሚያርፈው ሄጄ አንድ ጊዜ ነካሁ፤ አራቱም ነጥብ በአንድ ላይ ጠፋ።

ገባኝ። አንደኛው እውነተኛ አራት ነጥብ ነው። ሌላው ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተመትቶ ጎን ለጎን የቆመ ነው። ለዓይን መንታ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ባዳ። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደላትን በቁጥር የሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ነው። ያኔ ለእያንዳንዱ ምልክት የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ 1361 ነው፣ አራት ነጥብ 1362። ፕሮግራሙ 1362 ሲያይ «አለቀ፣ እረፍ» ይላል። ሁለት 1361 ሲያይ ግን ቃል ተለየ፣ አሁንም ቃል ተለየ ብሎ ያልፋል።

የደንቡን የመጀመሪያ ገጾች የተየበው ከእኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ ነው። መጨረሻውን እኔ በስልኬ ጻፍኩት። አንዳንድ ኪቦርድ ሁለት ነጥብን ሁለቴ ስትመታው ራሱ ወደ አራት ነጥብ ይለውጥልሃል፤ አንዳንዱ ግን የሰጠኸውን እንዳለ ያስቀምጣል። እኛ ደግሞ ልዩነቱን አይተነው አናውቅም፤ አይታይማ።

አሁን «ጽሑፉን ራሱን ላኪልን» ያለው ገባኝ። ፎቶው ላይ ይህ ስህተት የለም። መቶ ፎቶ ብልክ መቶውም ላይ የለም።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ሌሊት በሞቅታ ሙሉውን ፋይል ልልክ ነበር። ጣቴ ቁልፉ ላይ ሆኖ አባሪውን አስታወስኩ። የ86 አባላት ስም፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥር። የሚላከው ደግሞ ማንም ገብቶ በሚያየው ቦታ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ የሚያዘጋጀው መዝገብ ላይም የጋሼ ሙሉ ስም አለ፤ የኮምፒውተሩን አካውንት በስማቸው ስለከፈትኩ በየመስመሩ ይደጋገማል። አጠፋሁት። ሁለት መስመር የሚበቃ ሆኖ ሳለ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ልዘረግፍ ነበር።

አዲሱ ጥቆማ ይኸው።

«ርዕስ፦ ሁለት ጊዜ የተመታ ሁለት ነጥብ (፡፡) እንደ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ አይቆጠርም

ያደረግኩት፦ ከታች ያለውን ጽሑፍ ከፍቼ አንብብ የሚለውን ተጫንኩ።
የጠበቅኩት፦ በሁለቱም መስመር መሀል ላይ ድምፁ እንዲያርፍ።
የሆነው፦ በመጀመሪያው ያርፋል። በሁለተኛው ሳያርፍ ያልፋል። አሥር ጊዜ ሞክሬ አሥሩንም እንዲሁ ነው።

እድርተኛው መጣ። ድንኳኑ ተተከለ።
እድርተኛው መጣ፡፡ ድንኳኑ ተተከለ፡፡

ሁለቱ ለዓይን ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያው ቁጥር 1362 ነው፣ ሁለተኛው 1361 ሁለት ጊዜ። በሁለተኛው መንገድ የተጻፈ አማርኛ በጣም ብዙ ነው። የትግርኛው ጥቆማም ከዚህ ጋር የሚገናኝ ይመስለኛል።»

የፕሮግራሙን ቁጥርና የዊንዶውሱን ዓይነት ጨመርኩ። «ቶሎ» የሚለውን አወጣሁት። ስለ ጋሼ አንድ ዓረፍተ ነገር ልጨምር ብዬ ተውኩት። እንባ ለማራጨት እንዳይመስል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ምንም የለም። ጋሼ በየጠዋቱ «ምን አሉ?» ይላሉ። እኔም «ምን ደረሰ?» ብዬ ልጽፍ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ አጠፋሁት።

ስጠብቅ የኤክስዜድን ታሪክ አነበብኩ። ፋይል የሚጨምቅ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ዓለም ላይ ያሉ ብዙ ሰርቨሮች ግን ተሸክመውት ነው የሚዞሩት። ለዓመታት የያዘው ላሴ ኮሊን የሚባል አንድ ፊንላንዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሰዎች «ለምን ዘገየህ፣ ካልቻልክ ለሌላ ስጥ» እያሉ ወጠሩት። እሱም ጤናው እንዳልተመቸውና ሥራው ያለ ክፍያ የሚሠራው የትርፍ ጊዜ ነገር መሆኑን ጻፈ። በዚያው ሰሞን ጂያ ታን የሚባል ረዳት ተጠጋው፤ ቀስ እያለ ቁልፉን ተረከበ። በ2024 በወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 ዕትሞች ውስጥ የጓሮ በር፣ ማለትም ባለቤቱ ሳያውቅ ሰርጎ የሚያስገባ ስውር መግቢያ፣ አስገባ። ከሚወተውቱት መሀል አንዳንዶቹ ሆን ተብለው የተፈጠሩ የሐሰት ስሞች እንደነበሩ ይጠረጠራል።

ያገኘው ደግሞ አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ባለሙያ ነው። ከርቀት ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ትንሽ ዘገየበት። 0.299 ሰከንድ የነበረው 0.807 ሆኗል። ግማሽ ሰከንድ! እኔ ብሆን ኔትወርክ ነው ብዬ አልፈው ነበር። እሱ ግን ቁጥሩን ለክቶ ምንጩን ተከተለ። ጉዳዩ የደኅንነት ስለሆነ መጀመሪያ የሚመለከታቸውን በዝግ አሳወቀ፤ ከዚያ እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 ለሕዝብ አወጣው። እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው አደባባይ ላይ ዘሎ አይጽፍም፤ ሌባም ያነባላ።

ከዚህ በኋላ «ምን ደረሰ?» የምትለዋ እጄ ላይ ከበደችኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 27

መልስ አለ፣ ክርክርም አለ። አንደኛው «ጽሑፉ ነው የተሳሳተው፣ ፕሮግራሙ ትክክል ነው» ይላል። እውነቱን ነው። ሌላዋ «ትክክል ነው፣ ግን ሰዉ የሚጽፈው እንዲህ ከሆነ አንባቢው ምን ይሁን?» ትላለች። እሷም እውነቷን ነው። እኔ ጣልቃ አልገባሁም። ሲጠይቁኝ ብቻ ከተለያዩ ሦስት ሰዎች የተጻፉ፣ ስም የሌለባቸው ዓረፍተ ነገሮች ላክሁ።

ክብደቱን ከ«ክሪቲካል» ወደ «ምኞት» አወረዱት። ትንሽ ቆጨኝ። ከዚያ ደቢያን የሚባለው፣ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት የኮምፒውተር ሥርዓት የሚጠቀምበትን የክብደት መሰላል አየሁ። ሰባት ደረጃ አለው። ከላይ ያለው «ክሪቲካል» ለሌሎች ፕሮግራሞች መበላሸት፣ ለከባድ የመረጃ መጥፋት፣ ለደኅንነት ክፍተት የተቀመጠ ነው። ከታች «ዊሽሊስት» አለ፣ የምኞት መዝገብ። የእኔ ሰውዬ ትንፋሽ አጠረው እንጂ የማንንም ቤት አላቃጠለም። እድሩ ውስጥም «አስቸኳይ» ተብሎ የተላከልኝን ሁሉ ብቆጥር፣ ለቀብር የሆነው ስንቱ ነው?

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11

የሙከራ ዕትም ላኩ። «ሞክረሽ ንገሪን» አሉኝ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይጠፋል ይላሉ፤ ጠቁሞ፣ አስለፍቶ፣ ሲጠሩት የለም።

ጫንኩት። ሁለቱ መስመሮች ላይ ያርፋል። ደንቡን ከመጀመሪያው ገጽ አስጀመርኩት። ጋሼ አንቀጽ አራት ድረስ ዝም ብለው ሰሙ። «አሁን ሳንባ አወጣ» አሉ።

እዚያ ላይ አላቆምኩም። በየቃሉ መሀል ነጠላ ሁለት ነጥብ ያለበት፣ በድሮው ሥርዓት የተጻፈ ጽሑፍ ሰጠሁት። እንደፈራሁት አልሆነም፣ ሳያርፍ አለፈ፤ ማለፍም ያለበት እንዲሁ ነው። በሁለቱ ነጥቦች መሀል ክፍት ቦታ ሲገባ (፡ ፡) ግን አሁንም ይሮጣል። የሠራውንም ያልሠራውንም ጻፍኩላቸው። የትግርኛውን ሰውም እዚያው ጠቅሼ አመሰገንኩት፤ ያቺ አስተያየቱ ባትኖር እስካሁን ፎቶ እያነሳሁ ነበር።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

ወደ ስለሺ ተመለስኩ። መጀመሪያ ፈለግኩ፤ የጻፈ ሰው የለም።

ቀላል መስሎኝ ነበር። «ወ/ሮ» ወይዘሮ ነው፣ «ት/ቤት» ትምህርት ቤት። ከዚያ የአባላቱን መዝገብ ሳገላብጥ «ወ/ሚካኤል» መጣ። እሱ ወልደ ነው። «ወ/ማርያም» የሚባል አባልም አለን። «ገ/» ገብረ፣ «ኃ/» ኃይለ፣ «ም/» ደግሞ አንዳንዴ ምክትል፣ አንዳንዴ ምዕራፍ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ወንበራቸውን አስጠጉ። «ወ/ት»ን አትርሺ፣ «ወ/ሪት» ብሎ የሚጽፍም አለ፣ «ዶ/ር»ስ፣ «መ/ር»ስ፣ እያሉ እንደ ክፍል ተማሪ ያስጽፉኝ ጀመር። እስካሁን 23 ደርሰናል።

ርዕሱን ጽፌያለሁ፦ «በእዝባር (/) ያጠሩ ስሞችና ማዕረጎች እዝባሩ ተጠርቶ ይነበባል»። ክብደት፦ ምኞት። ምሳሌዎቹን ከመዝገቡ ሳይሆን ጋሼ ራሳቸው ከሚፈጥሯቸው ስሞች ነው የምወስደው። አልላክሁትም ገና። «ቀ/»ን ቀሲስ ነው ቀበሌ በሚል እየተከራከርን ነው።